ዋሷ ነኝ ብላ የፈረመችው ሴት

ይሄ ታሪክ እውነት ነው። "ውሸቷን ነው" የሚል ካለ ከአሁኑ ይለፈው፤ እኔ የማንንም እምነት ልለምን አልመጣሁም።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም፣ መቃብርም፣ ጅብም የለበትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሆነው... ፀሐይ ወጥታ፣ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ላይ የታክሲ ረዳቶች እየተጯጯሁ።

ሩቲ እባላለሁ። ዲግሪ የለኝም። ኤክሴልን የተማርኩት ፉሪ፣ አክስቴ ቤት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በተሰነጠቀ ስልክ ነው። ኪቦርድ በሦስት ጣት ነው የምመታው። ያስተማረኝ ስለሌለ የሚያርመኝም አልነበረም። ያም ሆኖ የሕንፃ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ለስቶር መዝገብ ሥራ ተፈትኜ ያለፍኩት ሁለት ባለዲግሪዎችን ጥዬ ነው።

ቋሚ ሥራ። የመጀመሪያዬ።

ከአክስቴ ቤት የምወጣበት በር እሱ ብቻ ነበር።

የቀረኝ ዋስ ነው። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው፣ ፎቶውን አያይዞ፣ "ተቀጣሪዋ ከሥራዋ ብትጠፋ በአካል አቀርባለሁ" ብሎ የሚፈርም።

"ጋሽ መኩሪያ ይፈርምልሻል" አለች አክስቴ ፀሐይወርቅ፣ ባሏን ማለቷ ነው። "ግን እዚሁ ትኖሪያለሽ። የእኛ ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራየች እንዲባል አልፈልግም።"

"ለአንድ ፊርማ ብዬ ዕድሜ ልኬን የእናንተን ድስት ላጥብ?"

"እንግዲያ ማን ሊፈርምልሽ ነው? እስቲ ማን ያውቅሻል?"

"ከመንገድ አነሳለሁ!" አልኳት።

ከመንገድ አነሳለሁ... አልኩ።

በማግስቱ የሁለት ቀን ጊዜ እንዲሰጡኝ ልለምን ድርጅቱ ሄድኩ። የቅጥር ኃላፊዋ ወይዘሮ ትሩፋት ቀና እንኳን አላሉም።

"ዋስሽ በጠዋት መጥተው ፈርመው ሄዱ እኮ።"

ቅጹን አዞሩልኝ። በቀለች የሚል ስም። ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ፎቶ። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ወረቀቱ አዲስ ነው... ፎቶውን የያዘው የስቴፕለር ሽቦ ግን ዝጓል።

"ምንሽ ናቸው?"

አላውቃትም ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ድስቱ ታየኝ።

"አክስቴ ናት" አልኩ።

በሳምንቱ ነፋስ ስልክ አንዲት ክፍል አገኘሁ። አከራይዋ እትዬ ኦብሴ ቁልፉን ሲሰጡኝ ፈገግ አሉ።

"አክስትሽ ግን ጠንቃቃ ናቸው። ትናንት መጥተው አይተውታል።"

"የቷ አክስቴ?"

"ባለ ግራጫ ሹራቧ ናቸዋ። አልጋው የት እንደሚሆን ሳይቀር ለክተው ነው የሄዱት።"

ቤቱን ማግኘቴን ለአንድ ሰው እንኳን አልተናገርኩም።

ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተሰመረ አጭር መስመር ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ልክ አናቴ ላይ።

በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁት። ግድግዳው ሲደርቅ... ተመለሰ።

መፍራት ነበረብኝ አይደል? አልፈራሁም። የተኙበት እጅ ሲደነዝዝ የራስ አልመስል እንደሚለው፣ ሁለመናዬ እንደዚያ ሆነ። አልጋዬን ዘረጋሁ። ተኛሁ። ጠዋት ሥራ ገባሁ።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሚካል "ዛሬም ቀድመሽኝ ገባሽ" ትለኛለች።

እኔ ግን ገና አሁን መግባቴ ነው።

ወንበሬ ይሞቃል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ እልኬ ተነሳ። ልቅርና ማን በአካል እንደሚያቀርበኝ ልይ! አልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ደወልኩ።

"ወይዘሮ ትሩፋት፣ ሩቲ ነኝ። አሞኛል፣ ዛሬ አልገባም።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ማን ነሽ?"

"ሩቲ!"

"ሩቲ እዚህ ፊት ለፊቴ ናት። አሁን አክስቷ እጇን ይዘው አስገቧት።"

ከኋላቸው ኪቦርድ ይሰማል። ጠ... ጠጠ። ጠ... ጠጠ።

በሦስት ጣት።

እየሮጥኩ ሄድኩ። ትናንት "አለቃዬ መጣች" ብሎ ሲቀልድብኝ የነበረው ዘበኛ፣ ጋሽ ቦጋለ፣ በር ላይ አስቆመኝ።

"ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?"

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ!"

"እዚህ የሚያውቅሽ ሰው አለ?"

ይህችን ጥያቄ የጠላሁትን ያህል የጠላሁት ነገር የለም። ምላሴ ግን ቀደመኝ።

"በቀለች" አልኩ።

ጋሽ ቦጋለ ወደ ቢሮው መስኮት ዞረ። ባለ ግራጫ ሹራቧ ቆማለች። ከኋላዋ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን ትጽፋለች። ልጅቷ የለበሰችው ሹራብ የእኔ ነው። የፀጉሩ አሠራር የእኔ ነው።

ሴትየዋ አየችኝ... ረጅም አስተያየት።

ከዚያ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አላውቃትም ማለቷ ነው።

"በይ እህቴ፣ መንገድሽን" አለኝ ጋሽ ቦጋለ። በሩ ተዘጋ።

አላለቀስኩም። ቢያንስ ቁልፉ የእኔ ነው ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ቁልፉም ከፈተልኝ።

ይህን የምጽፈው ከዚያው ነው። ስልኬ ሰባት ፐርሰንት ቀርቶታል። ቻርጀሩ አልጋው ጋ ነው፤ ሁለት እርምጃ ነው። እግሬ ግን አይነሳም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቁልፍ ዞረ። ሹራቤን የለበሰችው ልጅ ገባች። ጫማዋን አወለቀች። ከፌስታል ዳቦ አውጥታ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። የአልጋው ቦታ በትክክል ነው የተለካው... ፊት ለፊቴ ነው።

ቀና ብላ አላየችኝም።

እኔ ቆሜያለሁ። ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ነው። አናቴ ልክ የጠመኔውን መስመር ነክቷል።