የሶስና ክብደት

ሙት አየሁ የሚል ሰው ወሬውን ሲጀምር እኔ ተነስቼ ድስቴን አማስላለሁ፣ ልማዴ ነው፣ የሞተ ሰው በእግዚአብሔር እጅ ነው፣ ተመልሶ ሰው ትከሻ ላይ አይወጣም ተብዬ ነው ያደግኩት። ዛሬም የማምነው እንዲያ ነው። የደረሰብኝን ግን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ፣ አልጨምርበትም።

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ሰው ማማ ሶስና ይለኛል፣ እዚህ አገር እናት የምትጠራው በልጇ ስም ነው። ሶስና አንድ ልጄ ነበረች። እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ አልጸኑም፣ ግራ ጎኗም አይታዘዝላትም ነበር፣ ከአፏም ቃል አልወጣም፣ ዊልቸር ሰጥተውን ነበር፣ የሰፈራችን አሸዋና ድንጋይ ግን አላስኬደውም፣ ስለዚህ በሌሶ፣ የዚህ አገር ሴቶች በሚያገለድሙት ጨርቅ፣ አዝዬ አሥራ አንድ ዓመት ተሸከምኳት፣ ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ ድንበሩን ተሻግሬ ቤተ ክርስቲያንም። ተመስገን፣ አንድ ቀን አላማረርኩም። አንድ ቀን ብቻ፣ የማርያም ዕለት፣ ጀርባዬ እምቢ አለኝ። ቀኝ እጇን ዘርግታ እያየችኝ "ዛሬ አንቺ ቤት ዋይ፣ እናቴ" ብዬ ከጎረቤቴ ከሐሊማ ጋር ትቻት ሄድኩ። ሳል ነበረባት። ስመለስ ሐሊማ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

ከዚያ ወዲህ የማስበው አንድ ነገር ነው፣ ተቀይማኝ ሄዳ ይሆን? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ "ሕፃን ቂም አይዝም" አሉኝ። ጥሩ መልስ ነው። ግን የእሳቸው መልስ ነው፣ የእሷ አይደለም።

ሁለት ዓመት አለፈ። የናይሮቢው አስፋልት እኛ ዘንድ ደርሶ ነበር፣ እንግዳ መብዛት ጀምሯል፣ አንድ ቀን ዋንጂሩ የምትባል ወፈር ያለች ሳቂታ ሴት ምግብ ቤቴ ገባች። ከናይሮቢ ዳንሰኞች ይዛ መጥታለች፣ ግማሾቹ ፈረንጆች ናቸው፣ በሶሎሎ በኩል ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው አንድ ሳምንት ሊሰነብቱ ነው፣ ምግብ የሚሠራላቸው ይፈልጋሉ።

"ሥጋ አይበሉም፣ ወተትም፣ እንቁላልም" አለችኝ በስዋሂሊ።

"ጾመኞች ናቸው?"

"አይ ማማ፣ እንዲሁ ነው።"

"ዓመቱን ሙሉ?"

"ዓመቱን ሙሉ።"

"እንግዲያው ከእኔ ይሻላሉ። ግን የቱ ወንዝ? የኛ ወንዝ እኮ ውሃ የለውም።"

እውነቴን ነው። ላጋ ነው የምንለው፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። እነሱ ግን ወደዱት። ድንኳኑን ዳር ላይ ከግራሮቹ ሥር ተከሉ፣ የሚጠጡት ውሃ ከከተማ በጀሪካን ይመጣላቸዋል፣ ለዳንሱ ላጋው ውስጥ አሸዋው ላይ ሰፊ ሸራ አነጠፉ። ዘበኛቸው ጋልጋሎ የሚባል የቦረና ሰው ነበር፣ የልጆች አባት፣ ቀልደኛ።

ዳንስ ሲሉኝ እኔ ሙዚቃ ያለው መስሎኝ ነበር። ሙዚቃ የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ይደጋገፋሉ፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ይንከባለላል፣ ሴቷ ወንዱን በዳሌዋ ብድግ ታደርገዋለች። አፍሬ ፊቴን ወደምለቅመው ምስር አዞርኩ። ጋልጋሎ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ማማ ሶስና፣ እነዚህ ሰዎች ታመዋል ወይስ ተጣልተዋል?"

"እየጨፈሩ ነው አሉ።"

"የኔ ፍየሎችም እንዲህ ይጨፍራሉ። ምስር የሚቀቅልላቸው ግን የለም።"

ዋንጂሩ ሰማችን፣ አልተቆጣችም። "ክብደት መስጠትና ክብደት መቀበል ነው፣ ሌላ ነገር የለውም" አለች። ከዚያ በኋላ ማየት አላሳፈረኝም። ክብደት መቀበልን አውቃለሁ።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ስሠራ ከኋላዬ ጥርስ ሲፋጭ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚታሽ ያለ። ሶስና ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ጥርሷን ታፋጭ ነበር። ዞር ብል ማንም የለም። "ግመል ነው፣ ያመሰኳል" አለኝ ጋልጋሎ። እሺ አልኩ። ግን ግመሉንም ዱካውንም አላገኘሁም፣ እመኑኝ፣ ፈልጌያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከፈረንጆቹ አንዱ ሳህኑን ሊያጥብ መጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ ዋንጂሩ አስተረጎመችልኝ።

"ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ጀርባው ላይ የተደገፈችው ልጅ የማን ናት ይላል።"

"እዚህ ምን ልጅ አለ? መንደሩ ሩቅ ነው።"

እሱ ደግሞ የሆነ ነገር አላት፣ ግራ እጁን ወደ ታች አንጠልጥሎ እያሳየ። "ትንሽ ናት፣ በአንድ እጇ ብቻ ነው የያዘችኝ ይላል" አለችና ሳቀች። "ዓይን ሲጨፈን ሰው ብዙ ነገር ይሰማዋል፣ ማማ፣ አትስሚው።"

የሶስናን ስም ሰምተው ይሆናል፣ ማማ ሶስና እባላለሁና፣ እንዴት እንደነበረች ግን እዚያ ለማንም አልተናገርኩም።

አራተኛው ቀን ነው ነገሩ። ከእነሱ አንዷ ሆዷን አሟት ድንኳን ውስጥ ተኝታለች፣ ጋልጋሎ "ሽሮሽ ነው የጣላት" እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ። ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ ዋንጂሩ መጣች።

"ማማ፣ ጥንድ ጎደለን። ነይ፣ ምንም አታድርጊ፣ ጎንበስ ብለሽ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እኔ እደገፍሻለሁ።"

"እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ አልጨፍርም።"

"መቆም ነው እንጂ መጨፈር አይደለም።"

ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ጀርባዬን ናፍቆት ነበር መሰለኝ።

ጫማዬን አውልቄ ከሸራው ጫፍ ቆምኩ፣ እጆቼን ጉልበቶቼ ላይ አድርጌ ጎነበስኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ክብደት መጣ። ዋንጂሩ ወፍራም ናት ብያችኋለሁ፣ ይሄ ግን ቀላል ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ አገጭ የመሰለ ነገር አንገቴ ሥር ጎድጓዳው ላይ ተቀመጠ። እናቶች ታውቁታላችሁ፣ ጀርባ የልጁን ክብደት አይረሳም። ያኔ የዋንጂሩን ድምፅ ሰማሁ፣ ከፊት ለፊቴ፣ ከሩቅ፣ ዳር ላይ ከውሃው መኪና ሾፌር ጋር ትከራከራለች።

ዓይኔን ገለጥኩ። ሁሉም ከፊቴ ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው። ፀሐይዋ ከኋላዬ ስለሆነች ጥላዬ አሸዋው ላይ ረዝሞ ወድቋል፣ ዕቃ እንደጠፋው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ብቻውን። ጥላው ላይ ማንም የለም፣ ጀርባዬ ላይ ግን አለ። እጆቼ ሳላዛቸው እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ሄዱ፣ የጨበጡት ነገር የለም፣ ሊገናኙም ግን አልቻሉም።

በስመ አብ አልኩ። አልሄደም። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ መሃል ላይ ስደርስ ጥርስ መፋጨቱ ጆሮዬ ሥር ጀመረ፣ ረጋ ብሎ። ፈራሁ ብል እዋሻለሁ። መራመድ ጀመርኩ፣ ላጋውን ይዤ ወደ ላይ፣ ተቀየምሽኝ ወይ የሚለው ቃል ሁለት ዓመት አፌ ውስጥ ነበር፣ ትንሽ ከሰዎቹ ልራቅ፣ ከዚያ እጠይቃታለሁ እያልኩ ሄድኩ።

"ማማ ሶስና! ወዴት ነው?"

ጋልጋሎ ነው፣ እየሮጠ ደረሰብኝ። "ምን ሆንሽ? ወገብሽ ነው? እንጨት የተሸከምሽ ነው የምትመስዪው።"

አፈርኩ። እውነቱ ይኸው ነው። ወንድ ቆሞ እያየኝ በባዶ ጀርባ ጎብጬ ለሞተች ልጅ ላወራ ነው? እሷን ሳወርድ ሁልጊዜ አደርግ እንደነበረው ቀስ ብዬ ቁጢጥ አልኩ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ አሸዋው ላይ አስቀመጥኳት።

ጋልጋሎ ሊያነሳኝ እጄን ጎተተ፣ አልተነሳሁም። የወደቀ ግመል የሚያነሳ ሰው ነው። በሁለት እጁ ደገመው፣ ያኔ በድንገት ብድግ አልኩ፣ ጀርባዬ ቀዘቀዘ። የራሱን እጆች እያየ ቆመ፣ አልቀለደም።

"አንድ ነገር ይዞሽ ነበር" አለ።

"ወገቤ ነው" አልኩት።

ማታ ዋንጂሩን ጠየቅኳት። "ይቅርታ ማማ፣ ውሃው ሲመጣ ጥዬሽ ሄድኩ፣ አልነካሁሽም" አለችኝ። ሌሎቹንም ጠየቀችልኝ፣ የነካኝ የለም። ሳምንቱ አልቆ ሲሄዱ ሁሉም አንድ በአንድ አቀፉኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጥሩ ሰዎች ነበሩ።

የንስሐ አባቴ ሰይጣን በልጅ አምሳል ይመጣል አሉኝ። "በስመ አብ ስል ለምን አልሸሸም?" አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ "ደክሞሽ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ተመስገን ብያለሁ፣ ያችን ጥቂት እርምጃ ስለሰጠኝ።

አንድ ነገር ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ያስቀመጥኳት ላጋው መሃል ነው። የኛ ላጋ ሲሞላ እዚህ ዝናብ አይታይም፣ ኢትዮጵያ በኩል ተራራው ላይ ይዘንብና ውሃው በጠራራ ፀሐይ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል፣ ማንም እናት ለአንድ አፍታ እንኳ ልጇን እዚያ አታስቀምጥም፣ መራመድ የማትችል ልጅ ደግሞ ጨርሶ። መጀመሪያ ትቻት የሄድኩት ጀርባዬ እምቢ ብሎኝ ነው። ሁለተኛው በሐፍረት ነው።

በዚያው ወር ላጋው ሞላ።

ነፍስን ውሃ እንደማይወስዳት አውቃለሁ። ግን በሰሜን በኩል ደመና ባየሁ ቁጥር ምግብ ቤቴን ዘግቼ በሞተር እዚያው ድረስ እሄዳለሁ፣ ዳር ላይ ቆሜ አሸዋውን አያለሁ። እስካሁን አንድም ቀን ወደ መሃል ወርጄ ጎንበስ አላልኩም። ብትመጣ እፈራለሁ፣ ባትመጣም እፈራለሁ።