የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት

ሀሴት ደግነት ስትሞት የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ጥፍር ጥቁር ነበር።

ስድስት ዓመቷ ነው። አንደኛ ክፍል ከገባች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ከመንደራቸው ከጪጩ እስከ ዲላ በሞተር አቅፈው ሆስፒታል አድርሰዋታል፤ ኩፍኙ ግን ሳንባዋ ላይ ቀድሟቸዋል። ሐኪሙ አንሶላውን ሊመልስ ሲል ሞቱን እንድታጣራ የተላከችው ኢንስፔክተር ሀምዲያ ጫፉን ያዘችበት።

«ቆይ። ጥፍሯ ላይ ያለው ምንድነው?»

«የክትባት ዘመቻ ምልክት ነው። የተከተበ ልጅ ጣቱ ይቀባል።»

«ተከትባ ነው በኩፍኝ የሞተችው?»

«እሱን ነው አባቷ ውጭ የሚጮኸው።»

እውነትም ይጮኻል። አቶ ደግነት ከሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጦ ግንባሩን በመዳፉ ይመታል። «መርፌው ውሃ ነበር! ወይ ጭራሽ አልወጋቻትም! ቀለም ቀብታ ቁጥሯን ሞላች! ሲስተር ሸዋአለም ናት ልጄን የገደለችው!»

ጩኸቱ ከእሱ ቀድሞ ጪጩ ደረሰ። ሰው ወጥቶ ጤና ኬላውን በድንጋይ ደበደበ፤ ነርሷን ፖሊስ ከመሃል ነጥቆ ጣቢያ አስገባት። ለተጠርጣሪነትም ለደህንነቷም አንድ ክፍል በቃት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ወላጅ ልጁን ለክትባት አላመጣም።

ሀምዲያ አጭር ናት። ሰው ይንቃትና ብዙ ያወራላታል፤ እሷም ንቀቱን ጠልታው አታውቅም።

መጀመሪያ ወደ ጣቢያ ሄደች። ሸዋአለም ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚያው የቀረች፣ በአካባቢው ዘመድ የሌላት ወጣት ናት። ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ስትከትቢ የቱን ጣት ነው የምትቀቢው?»

«የግራ እጅ ትንሿን።»

«ሁሌ?»

«ሁሌ። የምወጋው ግራ ክንዳቸውን ነው፤ እጃቸውን ሳልለቅ እዚያው ቀባ አደርገዋለሁ።»

«ቀለሙ ይቆያል?»

«ሳምንት ከቆየ ጎበዝ ነው። ልጆች ናቸው፤ ጭቃ ነው፣ ውሃ ነው፣ ጣት መጥባት ነው።»

«ሀሴትን ወግተሻታል?»

ሸዋአለም የጋዋኗን እጅጌ ጠቀለለች።

«ኢንስፔክተር፣ የዚያን ቀን ክንድ እንጂ ፊት አላየሁም። እኔ የምቆጥረው በጭረት ነው፤ ስም የሚይዘው መምህሩ ነው። ወግቻታለሁ ብዬ መማል አልችልም። አልወጋኋትም ብዬም አልምልም።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ይምል ነበር።»

«ብምል ትፈቺኝ ነበር?»

«አልፈታሽም።»

«እንግዲያስ እውነቱ ይሻለኛል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መምህር ጥበቡ ደግሞ ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው ነው። መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል።

«የእኔ ክፍል መቶ በመቶ ነው! ወረዳው አመስግኖኛል!»

«ስማቸውን ሲይዙ መርፌው ሲወጋ እያዩ ነበር?»

«ሰባ ልጅ እየተንጫጫ ማን ያያል? በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ጣት አየሁ። ጣቱ የጠቆረ ገባ፣ በስሙ ላይ ምልክት አደረግሁ። ያልጠቆረ ወደ ቤቱ። ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። የሀሴት እንዲያውም ከሁሉ የደመቀ ነበር!»

«የትኛው እጇ?»

«እንግዲህ ጣት ጣት ነው፣ ኢንስፔክተር!»

በዚህ ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው።

ሀምዲያ ወደ ክፍሉ ገባች። «እስኪ ሁለቱንም እጃችሁን አሳዩኝ!» እጆች ግር ብለው ወጡ፤ ጭቃ የነካቸው፣ አቮካዶ የላሱ፣ ጥፍራቸው የተበላ። ከዘመቻው ወር ሊሞላ ነውና የአንዱም ጥፍር ጥቁር አልነበረም። መጨረሻ ወንበር ላይ ግን፣ ባዶው ቦታ አጠገብ፣ ትንቢት የምትባል ልጅ አንድ እጇን ብቻ አወጣች። ሌላውን ጭኗ ሥር ሸጉጣዋለች። ሀምዲያ አየቻት። ስሟን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ወጣች።

ለቅሶ ቤቱ ጠቧል። የሀሴት እናት ጸሐይ ጨቅላ ልጇን አቅፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ደጁ ላይ የቡና ኬሻዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ወፍራም ጥቁር ጽሕፈት አለበት።

«በምንድነው የሚጽፉበት?» አለች ሀምዲያ።

«በማርከር። ጨለለቅቱ ከተማ እሸት ቡና ማጠቢያ ነው የምሠራው፤ ከኮቴ ኪስ አይለይም» አለ ደግነት።

«ጥፍር ቢነካ በሳሙና ይለቃል?»

«እሱማ ጥፍሩ አድጎ ካልተቆረጠ በስተቀር!» ብሎ የአውራ ጣቱን ጥቁር ጥፍር አሳያት። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ? ልጄ ሞታለች እኮ!»

ሀምዲያ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ዩኒፎርም እያየች ነበር። የግራ እጅጌው ጫፍ በእርሳስ ጠቁሯል፤ የቀኙ ንጹሕ ነው።

«ጸሐይ፣ እህቴ፣ ሀሴት የምትጽፈው በየትኛው እጇ ነበር?»

ጸሐይ ቀና አለች። «በግራዋ። ሰው እንዳይስቅባት ብዬ ስንት ጊዜ ገርፌያታለሁ መሰለሽ...»

«የክትባቱ ቀን የት ነበረች?»

«ትምህርት ቤት ነዋ!» አለ አባትየው። እናትየው ግን ጨቅላዋን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈች።

በማግስቱ ሁሉም በአንደኛ ክፍል ተሰበሰቡ። ጉልበታቸው አገጫቸው እየደረሰ የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ደግነትና ጸሐይ፣ መምህር ጥበቡ፣ በሁለት ፖሊስ መሃል ሸዋአለም፣ ትንቢት ከአያቷ ከአቶ ገብረኪዳን ጋር። ሀምዲያ ከዲላ ያስመጣችው የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማንም ስለ እሱ አልጠየቀም።

«ሲስተር የምትቀባው ግራ እጅ ነው» ብላ ጀመረች። «የሀሴት ቀኝ ነው። የሲስተር ቀለም ከልጆቹ ሁሉ ለቋል። የሀሴት እስከ መቃብር ወርዷል። ስለዚህ የቀባት ሲስተር አይደለችም፤ ቀለሙም የዘመቻው አይደለም። የኬሻ ማርከር ነው።»

ደግነት ዘሎ ተነሣ። «እኔ? እኔ ልጄን?»

«ይቀመጡ፣ አቶ ደግነት። እርስዎ ቢቀቧት ኖሮ ትናንት ጥፍርዎን አያሳዩኝም ነበር። ሰው የራሱን ጥፍር ሲቀባ በሚጽፍበት እጁ ይዞ ሌላውን ነው የሚቀባው። በግራ የሚጽፍ ቀኙን ይቀባል።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በእናንተ ቤት በግራ የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር።»

የመጀመሪያው ድምፅ ከጸሐይ መጣ። ለቅሶ አይባልም፤ ትንፋሽ ነው።

«ገበያ ነበር» አለች። «ሕፃኑን የሚይዝልኝ አጥቼ አስቀረኋት። ማታ ከገበያ ስመለስ "እማ፣ ጣቴ ካልጠቆረ አያስገቡኝም አሉ" አለችኝ። ነገ ጤና ኬላ እወስድሻለሁ አልኳት። በማግስቱ ደግሞ የቡና ሥራ ያዘኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጣቷን አየሁ። እዚያው ከተቧት ብዬ... እሰይ አልኩ። እሰይ ነው ያልኩት!»

«እኔ ደግሞ ጤና ኬላ ወስደዋታል ብዬ...» አለ መምህር ጥበቡ።

ደግነት ኮቱን ዳበሰ። ማርከሩን አወጣና እንደ ባዕድ ነገር አየው። «ያን ሰሞን ለእረፍት መጥቼ ነበር። ኮቴ ግድግዳው ላይ ነበር።» ከዚያ ወደ ሀምዲያ ዞረ። «ታዲያ ልጄ ራሷን ገደለች ልትዪኝ ነው?»

«ልጅዎ ትምህርት ቤት ለመግባት ነው የፈለገችው። ጣትሽን አጥቁሪ ተባለች፣ አጠቆረች። ከእናንተ መሃል መርፌው አመመሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አለ?»

ማንም አልነበረም።

ሀምዲያ ትንቢት ፊት ተንበረከከች። «እጅሽን ስጪኝ የኔ እናት።» ጥቁሯ ጥፍር ከጭኗ ሥር ወጣች።

«ሀሴት ናት» አለች ትንቢት። «እኔ መርፌውን ፈርቼ ሽንት ቤት ተደብቄ ነበር። ጠዋት ማርከር አምጥታ ቀባችኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች። አሁን ትቆጣኛለች።»

ሸዋአለም ፖሊሶቹን ረስታ ብድግ አለች። «ይቺ ልጅ አልተከተበችም! ከሀሴት ጋር አንድ ወንበር ላይ ነበረች! ኢንስፔክተር፣ በሽታው ክፍሉ ውስጥ ካለ ነገ ይዘገያል!»

«ሣጥኑን ለዚህ ነው ያስመጣሁት» አለች ሀምዲያ። «ፍቷት።»

ሸዋአለም እጇን ታጥባ መርፌውን አዘጋጀች። ትንቢት ከርቀት ስታየው ጮኸች። አቶ ገብረኪዳን ሊይዟት ሞከሩ፤ ልጅቷ ግን ከእጃቸው ሾለከች።

«እኔ ልያዛት» አለች ጸሐይ።

ጨቅላዋን ለባሏ ሰጠችና ትንቢትን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የልጅቷን ግራ እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ሸዋአለም ተጠጋች። ቤቷ በነርሷ ላይ ድንጋይ ያስወረወረው ጸሐይ ዓይኗን ቀና አድርጋ አየቻት፤ ነርሷም ራሷን ነቀነቀችላት።

«የልጅቷ ሙሉ ስም?» አለች ሸዋአለም። መምህር ጥበቡ ነገራት፤ እሷም በገዛ እጇ ጻፈች። ከዚያ ወጋቻት።

ትንቢት ለመጮኽ አፏን ከፍታ ነበር። ሳትጮህ ቀረች። ክንዷን አየች፣ ሸዋአለምን አየች፣ ቀና ብላ ጸሐይን አየች።

«አለቀ? ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት» አለች ጸሐይ፣ ልጅቷን እንደያዘች። «ይቺው ብቻ ነበረች።»