በአርቪድ ሉንድ ግቢ የተበጠሰው ሽቦ

አርቪድ ሉንድ ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከደጃፉ በሚወርደው የእንጨት መወጣጫ ግርጌ በብርድ ደርቆ ተገኘ። ኮፍያ አላደረገም፤ ጓንትም የለው። በሰሜን ዳኮታ ክረምት ቆሻሻ ሊደፋ የሚወጣ ሰው እንኳ እንዲህ ሆኖ አይወጣም።

«ውሻውን ሊያስገባ ወጥቶ መመለስ አቅቶት ነው» አለ ሸሪፉ ክላይድ ቦማን። «ክፉ አደጋ ነው፤ ምን ይደረጋል።»

ከግዛቱ የምርመራ ቢሮ የመጣችው አዮን ስትራንድ ወደ ዊልቸሩ ቀረበች። ከስልሳ ያለፈች፣ ቃሏን የምትቆጥብ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ የዊልቸሩን ፍሬን ነካች። በሁለቱም ጎማ ጥብቅ ተደርጎ ተይዟል።

«ጣቶቹ ይሠሩ ነበር?»

«ማንኪያ እንኳ አይዙም ነበር።»

«ታዲያ ይህን ፍሬን ማን ያዘው?»

አዮን ግቢውን ዞረች። እንግዶች ሞተራቸው ከብርዱ የተነሳ እንዳይሞት የመኪናቸውን ማሞቂያ ከኤሌክትሪክ የሚሰኩበት ምሰሶ ሥር ብርቱካናማ ማራዘሚያ ሽቦ በረዶው ላይ ተዘርግቷል። ጫፉ ላይ የአንድ መኪና መሰኪያ እንደተሰካ ቀርቷል፤ ከመኪናው ግን ተበጥሷል። ነቅላ ያዘችው።

ነገሩ ከየት እንደተነሳ በካውንቲው የማያውቅ አልነበረም። ባለፈው ክረምት የካውንቲው በረዶ ጠራጊ መኪና የኋላ መብራቱ ሳይበራ መንገድ መሐል ቆሞ፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ ቫን ከኋላው ገባችበት። አርቪድ እግሮቹንና የጣቶቹን ጉልበት አጣ። ቨርነን ፕሩይት ቀኝ እጁን አጣ። የዳርሊን ሃውክ ልጅ ቴስ የአልጋ ቁራኛ ሆነች፤ ገላዋ እንዳይቆስል ቀንም ሌትም ማገላበጥ ያስፈልጋል። የወረዳውን መስተዳድር፣ ካውንቲውን፣ ከሰሱ። ሕጉ ግን መንግሥት ለአንድ አደጋ ለሚከፍለው ካሳ ጣሪያ አበጅቶለታል። የተጎዳው አንድም ይሁን ሦስት፣ ያችኑ መካፈል ነው። ካውንቲው ሦስቱም ከፈረሙ እስከ ጣሪያው ልክፈል አለ። አርቪድ ብቻውን እንቢ አለ። ሕጉ ራሱ ፍርድ ቤት ይቅረብ ባይ ነበር።

ቨርነን ኩሽናው ውስጥ በግራ እጁ ድንች እየላጠ ጠበቃት።

«ከትናንት ወዲያ ከሰዓት ሄድን፤ እኔ፣ ዳርሊንና የካውንቲው ጠበቃ። ለመንነው። እንደ በቅሎ ግትር ነበር እኮ! ‹ዛሬ ከፈረምን ነገ ሌላ ሰው ሰብረው ይችኑ ይወረውሩለታል› አለን።»

«ተናደዱበት?»

«የሚያናድደኝ ልክ መሆኑ ነው።»

«መኪናችሁ የተሰካበት ሽቦስ?»

«ስንወጣ ጠቅልዬ ጎተራው ውስጥ ሰቀልኩት። አርቪድ ሽቦ ውጭ ካደረ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። በአንድ እጅ ሽቦ ጠቅልለው ያውቃሉ? ይሞክሩት፤ አዲስ ስድብ ይማሩበታል።»

ጠበቃው ኪት ማሎይ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ተቀበላት።

«ካውንቲው የማንንም ሞት አይፈልግም» አለ። «ብንሸነፍም ከጣሪያው በላይ አንከፍልም።»

«በአርቪድ ፈንታ ማን ይፈርማል?»

«ወራሹ እህቱ ናት። እሷ ፈቃደኛ ናት።»

«ይህን ለማን ነግረሃል?»

«ሁለቱም ጠይቀውኛል፤ ለሁለቱም ነግሬአለሁ። ምስጢር አይደለም።»

ዳርሊን ቴስን እያገላበጠች ነበር። አዮን ኮቷን ሳታወልቅ የልጅቷን ትከሻ ደገፈችላት።

«ከአርቪድ ቤት ከመጣሁ ወዲህ አልወጣሁም» አለች ዳርሊን። «ወዴት እሄዳለሁ? ሥራዬ ይኸው።»

በማግስቱ ጠዋት አዮን ሁሉንም አርቪድ ቤት ጠራቻቸው። ሽቦ ለየመኪናው አዘርግታ ነበር። «ወሬው ረዥም ነው፤ መኪናችሁን ሰክታችሁ ግቡ» አለቻቸው። ሁሉም ሲቀመጡ በር ላይ ቆመች።

«አርቪድ ፍሬን መያዝ አይችልም። ስለዚህ ያወጣው ሰው አለ። ያ ሰው ፍሬኑን የያዘው ወንበሩ ተንሸራቶ እንዳይገለብጠው ነው። የሚጠላው ሰው ለዚህ አይጨነቅም። ሽቦውን ቨርነን ጎተራ ሰቅለውታል፤ እኔ ግን በረዶ ላይ አገኘሁት። የተሰቀለበትን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተ አንዱ ተመልሶ አውጥቶታል።»

የተበጠሰውን መሰኪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ለመግደል የመጣ ሰው መኪናውን አይሰካም። ይህ ሰው ረዥም ጊዜ ተቀምጦ ሊለምን ነበር የመጣው። ሲሄድ ግን አእምሮው ቦታው አልነበረም፤ መሰካቱን ረስቶ ነዳው።»

«የኔን ሄደሽ እዪው!» አለ ማሎይ።

«አየሁት። የቨርነንንም አይቻለሁ። ደህና ናቸው፤ አሁንም ተሰክተዋል።»

ከውጭ አንድ ሞተር ይሰማል።

«ዳርሊን፣ አንቺ መኪናሽን ለምን አላጠፋሽውም?»

ዳርሊን እጆቿን አየች። «ካጠፋሁት አይነሳም» አለች። «መሰኪያ የለውም።»

ዳርሊን ጠረጴዛው ላይ ያለውን መሰኪያ አንስታ ያዘች።

«ቴስ ስትተኛ ተመልሼ መጣሁ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። እንቢ አለኝ። ትንሽ ቢበርደው እሺ ይላል ብዬ አወጣሁት። ልመለስ ነበር።»

«ለምን አልተመለስሽም?»

«ቤት ደርሼ ልጄን አገላበጥኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ።» በአገጯ ወደ ማሎይ አመለከተች። «እህቱ ትፈርማለች ያለኝ ትዝ አለኝ። እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።»

«እኔ የነገርኳት ሕጉን ነው» አለ ማሎይ።

«አዎ ጌታው» አለው ቨርነን። «አንተ ሁልጊዜም ሕጉን ነው የምትናገረው። እጅህ ግን ሁለት ነው።»

ሸሪፉ ዳርሊንን ክንዷን ይዞ አስነሳት።

«እኩለ ቀን ላይ ትገለበጣለች» አለች። «በግራ ጎኗ። ማን...»

ቨርነን ኮቱን እየደረበ ነበር። «እኔ እሄዳለሁ።»

«በአንድ እጅ?»

«በአንድ እጅ።»

አዮን ወደ ከተማ ስትመለስ ከፊቷ የካውንቲው በረዶ ጠራጊ እያዘገመ ነበር። የኋላ መብራቱ አይታይም። ጡሩምባ ነፍታ አስቆመችው፤ ወርዳም የመብራቱን መስታወት በጓንቷ ጠረገች። ከበረዶው ሥር የሚበራ ነገር አልነበረም።

«ይህን አውቀህ ነው የምትነዳው?»

«ለካውንቲው ነግሬአለሁ፣ እሜቴ» አለ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «መልሼም ነግሬአለሁ።»

አዮን ጓንቷን አራግፋ መኪናዋ ውስጥ ገባች። የራሷን መብራት ሁሉ አበራች፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያያት ጠራጊውን በዝግታ እየተከተለች ከተማ ድረስ ሸኘችው።