ሕዝቡ የሳቀበት ቦታ

ቲልዴና አስገር የተዋወቁት በስቬንቦርግ ከተማ ትንሹ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካቹ ወዲያው አይበተንም፤ ቢራውን ይዞ ቁጭ ይልና ያየውን ያብጠለጥላል። የዚያን ምሽቱ ፊልም የሁለት ጓደኛሞች ኮሜዲ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያሞግሰው፣ ለልጆች ዋና የምታስተምረው ቲልዴ እጇን አወጣችና ሁለቱ ሰዎች ከልክ በላይ እንደሚስማሙ፣ እውነተኛ ጓደኛሞች ግን ሲነዛነዙ እንደሚውሉ ተናገረች።

ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቀ። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሳቁ የፌዝ አልነበረም። ሲወጡ ብስክሌቷ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት።

«ከየት አወቅሽው?» አላት።

«ከአባቴና ከጓደኛው።»

አስገር የፊልም ጸሐፊ ነው፤ በጋውን እዚያ ሊያሳልፍ ከዋና ከተማዋ ከኮፐንሃገን መጥቶ ነበር። ዋና እንደማይችል ሲነግራት አላመነችውም። በማግስቱ መዋኛው ድረስ መጥቶ በስድስት ዓመት ሕፃናት መካከል ቆመ። ቲልዴ መዳፏን ከጀርባው ሥር አድርጋ «ጭንቅላትህን ልቀቀው፤ ይዤሃለሁ» አለችው። አንገቱ ለረጅም ጊዜ እንደ እንጨት ደርቆ ቆየና ድንገት ላላ። ፍቅር የያዛት ያኔ እንደሆነ ኋላ ላይ ታስበዋለች። በጋው አለቀ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ቤት ተከራይተው አብረው መኖር ጀመሩ።

አንድ እሑድ አሸዋ ላይ ተጋድመው የአባቷን ነገር ነገረችው።

አባቷ ሆልገር የማሻገሪያ መርከብ ካፒቴን ነበሩ። ጓደኛቸው ፕሬበን ደግሞ የዚያው መርከብ ሞተር ኃላፊ። ሆልገር በስተርጅና የመርሳት በሽታ ያዛቸው፤ ፕሬበን በር ባንኳኩ ቁጥር ሌባ መጣ እያሉ ይጮኹ ጀመር። አንድ ጠዋት ግን ፕሬበን ጋዜጣ ይዘው ስለመጡ ፖስተኛ መሰሏቸውና ከፈቱላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕሬበን ቀይ የፖስተኛ ጃኬት ፈልገው ገዙ፤ የሱቅ ማስታወቂያ ወረቀቶች እየሰበሰቡ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ሆልገርም ለፖስተኛው ጥቁር ዳቦ በዓሣ እየጋበዙ ብሶታቸውን ያወጡ ነበር።

«ፕሬበን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ስታመም ጣለኝ። አንድ ቀን እንኳ አልመጣም።»

«ይመጣል» ይላሉ ፕሬበን፣ ዳቧቸውን እያዩ።

እንዲህ እንደተባባሉ ሆልገር ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ ፕሬበን፣ ቲልዴ ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቴ የምትላቸው ሰው፣ ይህ ነገር ከቤታቸው እንዳይወጣ ለመኗት። እሷም ቃል ገብታ ነበር። ቃሏን ያጠፈችው ለአስገር ብቻ ነው። አስገርም ሰምቶ አብሯት አለቀሰ።

በክረምቱ አስገር አዲስ ፊልም መጻፍ ጀመረ። ስለ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች ነው አላት። ላንብበው ብትለው እየሳመ ከለከላት፤ ከተመልካች ጋር ሆና እንድታየው፣ ሊያስደንቃት እንደሚፈልግ ነገራት። ሊጋቡ ተነጋግረው ስለነበር፣ እሷም ሠርጋቸውን እያሰበች ነገሩን ተወችው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ የፊልሙ መክፈቻ በዚያው ሲኒማ ቤት ሆነ። ቲልዴ አጎቷን ሱፍ አልብሳ ይዛቸው መጣችና ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። መብራት ጠፋ። ገና ከመጀመሪያው አንድ ወፍራም ሽማግሌ ቀይ ጃኬት ለብሶ፣ ማስታወቂያ ታቅፎ፣ በር ላይ ታየ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሾፌር የሚባል ሰው አልነበረም። ዓሣው ነበረ፤ ጥቁር ዳቦው ነበረ። «ፕሬበን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» የሚለው ብሶት ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሲነገር፣ ፖስተኛው እንባውን ሊደብቅ ጎንበስ ሲል ከደረጃው ተንሸራቶ ደጃፉ ላይ የተተከለው አበባ ውስጥ ወደቀ። ሰዉ እያጨበጨበ ሳቀ። ፕሬበን አልተነቃነቁም። ዘወር ብለው ቢያዩዋት ይሻላት ነበር። አላዩዋትም።

ሲያልቅ እንደ ልማዱ አስተያየት ተጀመረ። አንዷ እንዲህ ስቄ አላውቅም አለች። አንድ ወጣት፣ ሽማግሌው ካፒቴን ትንሽ ተጋንኗል፣ እንዲህ ያለ ሰው የለም አለ። ፕሬበን ቀስ ብለው ተነሡና ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

ቲልዴ አስገርን መተላለፊያው ላይ አገኘችው። አበባ ታቅፎ ነበር። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። በፍቅር እንደጻፈው፣ አባቷን ዘላለም እንዳኖራቸው ይናገር ጀመር።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትይ ነበር» አለ።

«አዎ። እንደማልፈቅድ ታውቅ ነበር።»

አበባውን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። ቲልዴ በዚያው ሳምንት ቤቱን ለቀቀች።

ፕሬበን ቤት የሄደችው በፊልሙ መክፈቻ ማግስት ነበር። ድንች እየላጡ አገኘቻቸው። ይቅር ይበሉኝ ብላ መናገር ሲያቅታት ሁለተኛ ቢላዋ አቀበሏትና አብራቸው መላጥ ጀመረች።

«ፊልሙ ጥሩ ነው» አሉ። «ጥሩ ያልሆነው የጻፈው ልጅ ነው።»

«እኔስ፣ አጎቴ?»

ድንቹን አገላብጠው አዩት። «አንቺ ወደድሽ። የወደደ ሰው አፉ አይዘጋም። ያም ሆኖ አዝኛለሁ።»

ፊልሙ አገር ምድሩን አዳረሰ። ዳቦ ቤት ስትገባ ስለ ፖስተኛው ይወራል፤ ጋዜጦቹ ኮከብ በኮከብ አደረጉት። አንድ ቀን ልጁን ዋና እንድታስተምርለት ያመጣ አባት፣ ምንም ሳያውቅ፣ ሆዱን እስኪያመው እንደሳቀ ነገራት። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሲኒማው ወጥቶ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ሩቅ፣ ዩላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር ላሉት አባቱ እንደደወለ፣ ለዓመታት ተኳርፈው እንደነበር አጫወታት። ቲልዴ ጥሩ አደረግህ አለችው። ከዚያ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ፊልሙ ክፉ ቢሆን መጥላቱ በቀለላት።

በጸደይ አስገር ከኮፐንሃገን መጣ። ክረምቱን ሙሉ ደውሎ ስላላነሣችለት ወደቡ ላይ፣ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገረው መርከብ መቆሚያ ጋ ቆሞ ጠበቃት። ከስቷል። ለአጎቷም ሄዶ ይቅርታ እንደጠየቀ፣ እሳቸውም በሩን ከፍተው እንዳስገቡት፣ ግን እንዳልተቀመጡ ነገራት።

«ሁሉም ስለ ፊልሙ ያለውን ነግሮኛል» አላት። «ያንቺን ብቻ አልሰማሁም።»

ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ በተነው። እሱ ሊሰበስብላት እጁን አነሣና መለሰው።

«ሳቅሁ» አለችው።

«የት ላይ?»

«አበባው ውስጥ ሲወድቅ። አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ከሰዉ ጋር አብሬ ሳቅሁ። አፌን በእጄ ብይዘውም አመለጠኝ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብዬህ ይሆናል፣ አስገር። እኔን ማሳቅህን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም።»

የአስገር ዓይን እንባ ሞላ። ቲልዴ አሁንም እንደምትወደው ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል፤ የከበደውም ይኸው ነው። መርከቡ ሊነሣ ሲያጓራ፣ የመመለሻ ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። ታዲያ እንዳያመልጥህ አለችውና መዋኛው ላይ የሚጠብቋት ሕፃናት ስላሉ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።