የማን እጅ የባረከው

«ኑርዬ ነው የባረካት። ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ» አለች ዑምኩልሱም፣ በጨርቅ የሸፈነችውን ሳህን ፈንታሁን ፊት እያስቀመጠች። «እንግዲህ አፈር ስሆን፣ እንዳትግደረደር።»

ፈንታሁን ሳህኑን አየ፤ ቀጥሎ ዑምኩልሱምን አየ። ከአጥር ወዲያ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤታቸው ዶሮዋን ባሏ እንዳረዳት ለምን እንደምትነግረው አልገባውም። እንደ ልማዱ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ዛሬ ግን ይቅርብኝ።»

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው እድላዊት ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዋ፣ ከማድቤቱ፣ እናቷ በእጇ የያዘችው ጭልፋ ሲወድቅ ተሰማት።

ፈንታሁን የእናቷ የተሾመች ታናሽ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው ገና በልጅነቱ ስለሞቱ አዝላም ተቆጥታም ያሳደገችው ተሾመች ናት። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆነ። አሁን ወደ ሐይቅ የመጣው ለእህቱ ዓይን ነው። የተሾመችን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ማክሰኞ ደሴ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። የእድላዊት አባት የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አፋር በረሃ ስለሆነ በዚህ ወር አይመለስም። ስለዚህ ደግፎ የሚወስዳት ፈንታሁን ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ተሾመች የዑምኩልሱምን ልጅ ነጅዋን በር ላይ አይታ «እድልዬ» ብላ ጠርታት ነበር። ነጅዋም እንዳታሳፍራት ብላ «አቤት እማዬ» አለችና የተላከችውን ጨው ገዝታ መጣች። እድላዊት ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ማታ ግን ብቻዋን ስትሆን አለቀሰች።

ፈንታሁን ቅዳሜ ሲደርስ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ነበር ወሬውን ያወጣው። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው፣ ቤተ ክርስቲያን ቀይሬያለሁ፣ ሞርሞን ሆኛለሁ አላት። ተሾመች ቃሉን ሰምታው አታውቅም። ጴንጤ ነው ወይ አለችው። አይደለም አላት።

«ሰልመህ ነው ታዲያ?»

«ኧረ አይደለም እታለም። በክርስቶስ ነው የምናምነው።»

«በክርስቶስማ ከሆነ እዚሁ ነበረልህ» አለችና ጠላውን ቀዳችለት። አልጠጣም አለ። ቡናም እንደተወ ነገራት። በመጨረሻ እድላዊት ወደ ዑምኩልሱም ቤት ሮጣ ለሙስሊም እንግዳ የሚቀርበውን፣ የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ ቀሪቦን አመጣችለት። እሱን በደስታ ጠጣ። ነጅዋ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች «አጎትሽ ሙዱ ገብቶኛል። ወላሂ አባዬ ጀለቢያ ይገዛለታል» ብላ አሾፈች። ያን ማታ ሁሉም ሽሮውን በአንድ ገበታ በልተው ተኙ።

ነገር የመጣው እሑድ ጧት ነው። ተሾመች ከቅዳሴ በፊት ቀዩን አውራ ዶሮ በጎረቤታቸው በምንይችል አሳርዳ ነበር፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ብሎ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ወጡን ስታቀርብ ፈንታሁን «አልራበኝም» አለ። እንደገና ስትለምነው ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ።

በዚህ አገር ሰው ሃይማኖቱን ሲቀይር መጀመሪያ የሚቀይረው ሥጋውን ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ድንኳን ይጨፍራል፣ በአንድ ሐዘን ያለቅሳል፣ አንዱ ለሌላው ቤት ይጠብቃል። ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ በየድስቱም ይበስላል። ማንም በዚህ አይቀየምም። የራስ ወንድም ትናንት ከበላው ድስት ዛሬ አልበላም ሲል ግን ሌላ ነው። ተሾመች እድላዊትን ወደ ማድቤት ስባ «ሥጋ ለይቷል» አለቻት በሹክሹክታ። «የእኔን እጅ ረክሷል ብሏል። አፍሽን ያዢ፤ አላዋርደውም።» ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ፣ አጥሩን በእጇ እየዳበሰች ዑምኩልሱም ቤት ሄደች። የእኔን ካልበላ የእናንተን ይብላ፣ ብቻ ጦሙን አይዋል ብላ ለመነቻት። ዑምኩልሱምም «አብሽሪ፣ ለዚህ ነው የምታለቅሺው» ብላ ዶሮ አስያዘች።

አሁን ያቺም ዶሮ ሳትነካ ቀረች።

«የእኔንም የነሱንም ካልበላ፣ የማንን ሊበላ ነው?» አለች ተሾመች ለድስቱ።

እድላዊት መልሱን ታውቃለች።  ጎህ ሲቀድ ቧንቧው ጋ ውኃ ስትቀዳ ፈንታሁን ፊቱን ሊታጠብ መጥቶ ነበር፤ ጠጣ ብላ ስትሰጠው አልተቀበላትም። ስትጨቀጭቀው ነገራት። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይጾማል፤ እሱም ከትናንት እራት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰም፤ ጾሙንም ስለ ተሾመች ዓይን ይዞታል። «ለእታለም እንዳትነግሪያት» አላት። «የተወራ ጾም ጾም አይደለም ብለው ያስተማሩኝ የኔታ ዝናው ራሳቸው ናቸው።» እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ቃል መሆኑ ነው።

እናቷ አትናገሪ ብላታለች፤ አጎቷም አትናገሪ ብሏታል። ሁለቱም በአንድ ግቢ ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ አንዱ ለሌላው ምን እንደሚያስብ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እንዲህ ያለ እውቀት ደግሞ ከሒሳብ ፈተና ይከብዳል።

ከሰዓት በኋላ የኔታ ዝናው መጡ። የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው፤ ያስጠራቻቸው ተሾመች ናት። ፈንታሁንን ፊደል ያስቆጠሩትም እሳቸው ስለሆኑ ገና ሲያዩት «አንተ ዋልጌ፣ ወፍረሃል» ብለው ግንባሩን ሳሙት። ቀጥለው ዋርካው ሥር ተቀመጡና ያን መጽሐፍህን አምጣው አሉት። መጽሐፈ ሞርሞን የሚባለውን አመጣ። አገላበጡት፣ ሸተቱት፣ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እኔ ሳነብ አቋረጡ ትለኛለህ፤ አንተ ስታነብ ዘለልክ እልሃለሁ» አሉ። «ንባቡ በልጅቷ ይሁን።»

እድላዊት የቤታቸውን ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ ታቅፋ መሐላቸው ተቀመጠች። እናቷ ማየት ካቃታት ወዲህ በየማታው የምታነብላት እሷ ስለሆነች የምዕራፎቹን ቦታ አሳምራ ታውቃለች።

የኔታ ክርክሩን በመጨመር ጉዳይ ጀመሩ። በዚህ መጽሐፍ ላይ አትጨምሩ ተብሏል፣ አንተ ግን ሙሉ መጽሐፍ ጨመርክ አሉት። ፈንታሁን ሙሴም አትጨምሩ ብሎ ነበር፣ ከእሱ በኋላ ግን ነቢያት ጻፉ አለ። ደግሞስ የእኛ የሀበሾቹ መጽሐፍ ሰማንያ አንድ ነው፤ ሌላው ዓለም ሄኖክን ከየት አመጣችሁት ይለን የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። የኔታ ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን ዳበሱ። ጥያቄው የተማሪያቸው መሆኑ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

«ሄኖክን አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እየሰጠ እዚህ ደረሰ» አሉ። «የአንተው ግን ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ፤ ያገኘውም አንድ ጎረምሳ ነው። ለምን ለአንድ ሰው?»

«ቁጥቋጦው ሲነድ ከሙሴ ጋር ማን ነበረ፣ የኔታ?»

ነገሩ ጦፈ። ፈንታሁን አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በሐሳብ አንድ ናቸው እንጂ ሦስት የተለያዩ አካላት፣ ለየራሳቸው የሚኖሩ ናቸው ወደሚለው ትምህርቱ ገባ። ማስረጃው እስጢፋኖስ ነበር። በድንጋይ ሲወግሩት ሰማይ ተከፍቶለት ኢየሱስን በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ አየ፤ ሁለት ባይሆኑ እንዴት አንዱ በሌላው ቀኝ ይቆማል አለ። እድላዊት ከሐዋርያት ሥራ ቦታውን አውጥታ አነበበችው። የኔታ በጭራቸው ከታች የሚታየውን ውኃ፣ ወደ ውኃው የገባውን ደሴት መሰል ምድርና የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ዛፎች አመለከቱ።

«እስጢፋኖስን? ከገዛ ደጃችን አንሥተህ በእኛው ላይ? ቀኝ ማለት ክብር ነው ልጄ፤ ሥልጣን ነው። ለአብ ቀኝ እጅ ካበጀህለት ነገ ጫማ ልትለካለት ነው።»

ፈንታሁን ሳቅ አመለጠው፤ የኔታም ሳቁ። ግን አንዱም አልተረታም። ፈንታሁን በመልኩ ፈጠረን ይል የለም ወይ አለ። የኔታም እግዚአብሔር መንፈስ ነው ይላል ብለው መለሱ። ለፀሐይ አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ እየሰበሰበች የምትመስለው ዑምኩልሱም አንዱን ቀሚስ ብቻ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

ያልሳቀችው ተሾመች ብቻ ናት። ከደጃፉ ተነሥታ፣ ፈንታሁን ካለበት ትንሽ ፈንጠር ወዳለ ቦታ እያየች ተናገረች።

«የኔታ፣ ይበቃዎታል። እኔ ስለ ቀኝና ስለ ግራ አላውቅም። የእህቱን እጅ የተጸየፈ ሰው እጄን ይዞ ደሴ አይወስደኝም። ነገ በመጀመሪያው መኪና ይሂድ። ዓይኔም ይቅር።»

 ፈንታሁን እህቱ የጠላችው አዲሱን እምነቱን መስሎት ነበርና አንገቱን ደፋ።  የኔታ ወደ እድላዊት ዞረው «በይ ልጄ፣ የዮሐንስ ራእይን መጨረሻ አንብቢልንና እንዝጋው» አሏት።

እድላዊት ገጾቹን ወደ መጨረሻው ገለጠች። ራእይ እዚያው ነበር፣ ከአውራ ጣቷ ሥር። ቦታውን በቃሏም ታውቀዋለች። እሷ ደግሞ ክፍል ውስጥ እንኳ መምህሩ ሳይጠሯት እጅ የማታወጣ ልጅ ናት፤ ያዘዟትን ማንበብ ይቀላት ነበር። እናቷ አሁንም የምታየው ፈንታሁን የሌለበትን ቦታ ነው።

ገጾቹን ወደ ኋላ መለሰች። ብዙ ገጽ ነው፤ ሲንሿሿ ሁሉም ሰማው። ማቴዎስ ስድስት ላይ ስትደርስ፣ የሚጾም ሰው ፊቱን አጠውልጎ ለሰው እንዳይታይ፣ ይልቁንም ታጥቦና ራሱን ተቀብቶ ጾሙን በስውር ላለው አባቱ ብቻ እንዲያደርግ ጌታ ያዘዘበትን ቃል አነበበች። ጨርሳ ቀና አላለችም።

«ይህ ራእይ አይደለም» አሉ የኔታ።

«አይደለም» አለች።

የተቆጧት መስሏት ነበር። እሳቸው ግን የሚያዩት ፈንታሁንን ነበር፤ የደረቀውን ከንፈሩን። ስድስት ዓመቱ ሳለ በፍልሰታ ጾሞ፣ እየዞረ ለመንደሩ ሁሉ ምላሱን እያወጣ ሲያሳይ ጆሮውን ቆንጥጠው ያስተማሩት ይህንኑ ቃል ነው።

«ከመቼ ጀምረህ ነው?»

ፈንታሁን መሬት መሬት እያየ «ከትናንት ማታ» አለ።

«በሰንበት? በሰንበት ከእህል አይጾምም፤ ይህንንም አስተምሬህ ነበር። እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።» መጽሐፉን ከጉልበታቸው አነሡ። «ስለ ማን እንደሆነ አልጠይቅህም።»

መጠየቅ አላስፈለገም። ተሾመች ደጃፉን ይዛ ቆማ ነበር።

«ሥጋዬን ጠልተህ አይደለም?»

«የምን ሥጋ?» አለ ፈንታሁን። አለና ወዲያው የዑምኩልሱምን ሳህን አየ፤ ቢስሚላህና ቂብላው ቀደም ሲል ለምን እንደተነገረው አሁን ገባው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነበት። ሄዶ ከእህቱ እግር ሥር ተቀመጠ። «እኔ ያንቺን እጅ? እስኪመሽ ብቻ ሸፍኚልኝ እታለም።»

ተሾመች ራሱን ፈልጋ በእጇ አገኘችው። «ሁለት ዶሮ አስገድሎ ጦሙን የሚውል ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች።

«የእኔዋም እስኪመሽ አትበላሽም» አለች ዑምኩልሱም ከአጥር ማዶ፣ ቀሚሱን ለመጨረሻ ጊዜ እያጠፈች።

የኔታ መጽሐፉን ለፈንታሁን መለሱለት። አልተቀበልኩትም፣ አልቀበለውምም አሉት። «ማክሰኞ ግን ክንዷን በደንብ ያዝ። የደሴው መኪና ደረጃ ከፍ ያለ ነው።»

እሳቸውን ሸኝቶ ሲመለስ እድላዊት አጠገብ ቆመ።

«ነገርሻቸው» አላት።

«አልነገርኩም። አነበብኩ እንጂ» አለችው። ፈንታሁን እንደ የኔታ ጆሮዋን ቆንጠጥ አደረጋት።

እናቷ ብዪ እንጂ ልጄ፣ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም ብላ ከማድቤት ጠራቻት። ወጡ ይሸታል፤ የእድላዊት ሆድ ጮኸ። ሁለቱን የተሸፈኑ ሳህኖች አየቻቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሲመሽ አጎቷ ከሁለቱም ይበላል። እናቷ ግን ከዑምኩልሱም፣ ዑምኩልሱምም ከእናቷ አይበሉም፤ ስለዚህ እንደገና ሁለት ገበታ ሊሆን ነው።

«ማታ እበላለሁ» አለችና ከግድግዳው ቅርጫቱን አወረደች። በአጥሩ ቀዳዳ ነጅዋን ጠራቻት።

«ወንድምሽ ባድሩ ከታንኳ ሳይወርድ እንድረስበት።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ዓሣ» አለች እድላዊት። «ዓሣን ማንም አይባርከውም።»

ነጅዋ ገባትና ሳቀች። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ ቅርጫቱን በሁለት በኩል ይዘው ወደ ውኃው ወረዱ።