ዝቅ ያለው ቆጥ

መስታወት ለወንድሟ የምትሳሳ ሴት ናት። ታላቅ ወንድሟ ሱራፌል ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በጄኔቭ ዳርቻ፣ ካሩዥ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ ብዙ ዓመት ከሠራ በኋላ ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተርፋ ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ እግሩ ይጎተታል፣ ግራ እጁ አይታዘዝም፣ አንደበቱም ትንሽ ይዘገያል፤ አእምሮው ግን እንደ ድሮው ስል ነው። መስታወት ጄኔቭ ድረስ በባቡር ሄዳ፣ «እኔ እያለሁማ ለብቻህ አትኖርም» ብላ ጀርመንኛ በሚነገርበት አድሊስቪል ወዳለው ቤቷ አመጣችው።

ከዚያ ወዲህ ጫማውን የምታስርለት፣ ሥጋውን የምትቆርጥለት፣ ሰው ደውሎ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቅም ስለ እሱ የምትመልሰው እሷ ሆነች። አልትሽቴተን ወደሚገኘው የጽዳት ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ምሳውን አቅርባ፣ «ከቤት እንዳትወጣ፤ ትወድቅብኛለህ፤ ደግሞ የዚህን አገር ጀርመንኛ አትችል!» ትለዋለች። እሱም ውለታዋ ከብዶት እሺ ይላል።

ከሕንፃው ጀርባ፣ ጡረታ የወጡት አሮጊት ጎረቤታቸው ፍራው ብሩነር ዶሮዎች ያረባሉ። መስታወት ዶሮ ቤቱን በማጽዳት ታግዛቸዋለች፤ እሳቸውም እንቁላል ያካፍሏታል። በዚያ ሚያዝያ የአንዲት ቀይ ቄብ እግር በአጥሩ ሽቦ ተቀርቅሮ ተሰበረ። ሐኪም አሰረላት፤ መስታወትም እስኪሻላት ድረስ በካርቶን አድርጋ በረንዳዋ ላይ አስቀመጠቻት። እስሩ ሲፈታ ሐኪሙ፣ «አጥንቱ ገጥሟል፤ አያማትም። ግን ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች» አለ።

መስታወት ደስ ብሏት ቄቧን ወስዳ በዶሮዎቹ መሃል ለቀቀቻት። ዶሮ ግን የራሱ ወግ አለው፤ ለሳምንታት የተለየውን እንደ ባዳ ነው የሚቆጥረው። ግራጫዋ ትልቅ ዶሮ ተንደርድራ አናቷን ነቆረቻት። ሌሎቹም ተከተሉ። ቄቧ እያነከሰች መሸሻ ስታጣ መስታወት አፈፍ አድርጋ ወደ በረንዳው መለሰቻት።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ለብቻዋ ትኑር» አለች። «እዚህ ማን ይነካታል? እህልም ውኃም አላት።»

በእርግጥ የነካት የለም። ቄቧ ግን ከቀን ወደ ቀን ላባዋ ደበዘዘ፤ እህሉን ጫር ጫር አድርጋ ትተወዋለች። የዶሮዎቹን ድምፅ ከታች በሰማች ቁጥር ትጣራለች።

አንድ ምሽት ሱራፌል፣ «መስቲ፣ ይህቺን ዶሮ ወደ ጓደኞቿ መልሻት» አላት።

«እንዲገድሏት ነው? አዝኜላት እኮ ነው!»

«አንቺ ሥራ ትሄጃለሽ። ቀኑን ሙሉ ስትጣራ የምሰማት እኔ ነኝ።»

መስታወት ነገሩን ከቁብ አልቆጠረችውም።

በማግሥቱ ፍራው ብሩነር ቄቧን ሊያዩ መጡ። በጀርመንኛ ሰላም ሲሉት ሱራፌል አልገባኝም ለማለት በፈረንሳይኛ መለሰ። የአሮጊቷ ፊት በራ። በልጃገረድነታቸው ሎዛን ሠርተው ነበርና፣ ፈረንሳይኛ ካወሩ ዘመን እንደሆናቸው ነገሩት። ሱራፌል ሐሳቡን ነገራቸው፤ ካርቶኑን እሳቸው ይዘው፣ እሱ ከዘራውን ይዞ፣ በሊፍት ወረዱ።

መስታወት ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። በበረንዳው አጮልቃ ወደ ታች ስታይ ወንድሟ ዶሮ ቤቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከፍራው ብሩነር ጋር ይሳሳቃል። እየሮጠች ወረደች።

«ሱሬ! ብትወድቅስ ኖሮ?»

«ብወድቅ ያነሱኝ ነበር» አለ ተረጋግቶ። «ይልቅ ይህን እዪ።»

ከግቢው ጥግ በፍርግርግ ሽቦ ለቄቧ ቦታ ከልለውላታል። ዶሮዎቹ ያዩዋታል፣ መንቆር ግን አይችሉም። እህሉም ከሽቦው ወዲያና ወዲህ ስለሚበተን አብረው ይበላሉ።

«ያን ጊዜ የተሳሳትነው ድንገት ወርውረናት ነው» አለ። «ሰውም እኮ ሳይተዋወቅ አይዋደድም። ቀስ ብለን እንመልሳታለን።»

ቀስ ብለውም መለሷት። ከቀናት በኋላ አንዲት ጨዋ እኩያዋን ከሽቦው ውስጥ ጨመሩላት፤ ሁለቱ ተላመዱ። ከዚያ እህሉን ሁለት ቦታ አድርገው፣ መሸሸጊያ የሚሆን ሣጥን ደፍተው ሽቦውን አነሱት። ግን ግራጫዋ ዶሮ እንደገና ዘላ የቄቧን ጉትዬ አደማችው።

«አላልኩህም?» አለች መስታወት። «ልውሰዳት!»

«እሷ ምን አጠፋች? የምትወሰደውስ ግራጫዋ ናት!»

ሱራፌል ያለውን በፈረንሳይኛ ሲተረጉምላቸው ፍራው ብሩነር ሳቁ። ግራጫዋ ለጥቂት ቀን ከሽቦው ኋላ ተቀመጠች። ስትመለስ ዶሮዎቹ ያለ እሷ ተደላድለው ስለቆዩ እንደ ልቧ መሆን አልቻለችም፤ ጉልበቷ በረደ። ቄቧ ወደ ቆጡ መዝለል እንደማትችልም ስላዩ ቆጡን ዝቅ አደረጉት። ሌሎቹ ዶሮዎች ቆጡ ዝቅ በማለቱ የጎደለባቸው ነገር አልነበረም። ቄቧም አመሻሽ ላይ ወጥታ፣ በመሃላቸው ተሸጉጣ ማደር ጀመረች። ላባዋ መልሶ አማረ።

በዚያው ሰሞን የመስታወት የሥራ ባልደረባ፣ የወሎዋ ኩልሱም ደወለች። ልጇ ሂባ የሙያ ትምህርቷን ስለጨረሰች ድግስ ሊደግሱ ነው።

«ሱራፌልን ይዘሽልኝ ነይ» አለች ኩልሱም።

«ውይ፣ እሱ እንኳ ይቅርበት፤ ይደክመዋል። ደረጃም አለ።»

ስልኩን ስትዘጋ ሱራፌል በሩ ላይ ቆሟል።

«ማን ነው የሚደክመው?»

መስታወት ደነገጠች። «ለአንተው ብዬ እኮ ነው።»

«ጠይቀሽኛል?»

ከዚያም ሱራፌል ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ቃላቱ እስኪመጡለት እየጠበቀ እንዲህ አላት፦ «ለዶሮዋ ቆጥ ዝቅ አድርገናል። እኔን ግን ከነካርቶኔ በረንዳ ላይ አስቀምጠሽኛል። ምግብ አልጎደለብኝም፣ ፍቅርሽም አልጎደለብኝ። ሰው ነው የጎደለብኝ።»

መስታወት ቁጭ አለች። «እውነቱን ልንገርህ?» አለች። «ሰዎች እንደዚህ ሆነህ እንዲያዩህ አልፈለግኩም። እንዲያዝኑልህ አልፈለግኩም።»

«ይዩኛ! መጀመሪያ ቢያዝኑ ምን አለበት? ሲለምዱኝ ይተዉታል።»

እንባዋን ጠርጋ ለኩልሱም መልሳ ደወለችላት። «ደረጃው ምን ያህል ነው?» አለቻት።

«ደረጃውን ለእኛ ተይው» አለች ኩልሱም። «በጓሮ በኩል ሜዳ ነው፤ ባሌ ያሲር እዚያ ይጠብቃችኋል።»

በድግሱ ላይ ሰዎች መጀመሪያ ሱራፌልን አይተው ከንፈር መጠጡ። ወጥም ሸሚዙ ላይ ፈሰሰበት። መስታወት ልትጠርግለት ስትነሣ ኩልሱም ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። ወዲያው የኩልሱም ባል ያሲር፣ የሚጋግረው ድፎ ዳቦ ለምን አልነፋ እንደሚለው ማማረር ጀመረ። ሱራፌል ጆሮው ቆመ። ስለ እርሾውና ስለ ሊጡ ጠየቀው፤ ሌሎችም ወንበራቸውን ሳብ ሳብ አድርገው ተከራከሩ። ከንፈር የመጠጡት ሰዎች ከንፈራቸውን ለሳቅ ተጠቀሙበት። «ቅዳሜ ና፣ አብረን እንጋግር» አለው ያሲር። ሱራፌልም «እመጣለሁ» አለ።

እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ! ደካማን መግፋት ክፉ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከቤት ሸሽጎ መያዝስ? ስንቶቻችን ነን «ይደክማታል»፣ «ይከፋዋል» እያልን ሳንጠይቅ የምንመልስ? የታመመ ሰው ከእንጀራ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ከሰው የምናገናኘው ግን ዝም ብለን በመወርወር አይደለም፤ መንገዱን አመቻችተን፣ የሚያጠቃውን ገሥጸን፣ ታግሠን ነው። ከሁሉ በፊት ግን ራሱን እንጠይቀው።

ቅዳሜ ጠዋት መስታወት ወንድሟን እስከ ጣቢያ ሸኘችው። ባቡሩ ሲመጣ ክንዱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ሰበሰበችው። ሱራፌል እግሩን እየጎተተ ብቻውን ገባ፤ በመስኮት እጁን አውለበለበላት። ወደ ቤት ስትመለስ የሚታሰር ጫማ፣ የሚቆረጥ ሥጋ የለም። ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እግሯን ዘረጋች። እንዲህ ካረፈች ስንት ጊዜ እንደሆናት ለማስታወስ ስትሞክር እንቅልፍ ይዟት ሄደ።