ከስፖኪዮዬ ከጠፋሽ

«ሚጣ! የት ገባሽ? አላየሁሽም!»

የእናቷ ድምፅ ከከባዱ መኪና መስኮት ወጥቶ ቅያሱን ሞላው። ሚጣ ከግንቡ ጥግ ተለጥፋ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ወደ ኋላ እየገባ የነበረው መኪና ግማሽ አካሉን ቅያሱ ውስጥ፣ ግማሹን አስፋልቱ ላይ እንዳደረገ ቀጥ አለ።

ግንቡ ላይ፣ ልክ ትከሻዋ ጋ፣ ሰማያዊ ጭረት አለ። እናቷ የዳቦ ቤቱን መኪና መንዳት የጀመረች ሰሞን ያተመችው ነው። አባቷ «የባለቤቴ ፊርማ» ይለዋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስጎበኛል። ሚጣ ጭረቱን በጣቷ ዳበሰችው። ወዲያው ትኩስ ዳቦ የሸተታት መሰላት። ትንሽ ሳለች እናቷ በማለዳ ከፊት ወንበር አስቀምጣት፣ በየሱቁ እየቆሙ ዳቦ ያራግፉ ነበር። እሷ እግሯን እያወዛወዘች የዳቦ ቂጥ ትገምጣለች። ትምህርት ቤት ስትደርስ ዩኒፎርሟ ሁሉ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ልጆቹ ሲያሾፉባት እያለቀሰች ለእናቷ ስትነግራት፣ እናቷ «ርቧቸው ነው የኔ ልጅ» ብላ በማግስቱ ለሁሉም የሚበቃ ዳቦ ሰደደችላቸው። ከዚያ በኋላ ያሾፈ የለም።

አሁን የዳቦው ነገር አብቅቷል። እናቷ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ሌላ ክልል ያለ የጭነት ድርጅት ቀጠራት። ሥራው ሹፌሮች እዚያው መኪና ማቆሚያው አጠገብ እንዲኖሩ ስለሚፈልግ፣ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። «ሱሪ የማይቀደድበት አገር የለ፤ እኔ የትም እኖራለሁ» ብሎ ጉዳዩን በሳቅ ዘጋው።

ያልተወሰነላት ሚጣ ናት። ጎረቤታቸው ፈንድሻ የሕፃንነት ጓደኛዋ ናት፤ ሳቋ ድንገት እየፈነዳ ነው ስሙ የወጣላት። «እኛ ጋ ቅሪ» ብላ ነዝንዛታለች። የፈንድሻ እናትም «ትምህርቷን እስክትጨርስ ከልጄ ለይቼ አላያትም» ብለው ለምነዋል። እናቷ ግን «ዕቃው እስኪጫን አስቢበት። አልጎትትሽም፣ አልገፋሽም» አለቻትና የሚጣን ሻንጣ ከሌላው ጓዝ ለይታ ደጃፉ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው።

ይኸው፣ ዕቃው ሊጫን ነው። ሚጣ ቅያሱ መሀል ቆማ ለእናቷ ምልክት እየሰጠች ሳለ ፈንድሻ ጆሮዋ ሥር መጣች።

«አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩልሽ። ትቀሪያለሽ አይደል? አቦ እሺ በይኝ በቃ!»

ሚጣ እጇን አወረደችና ወደ ጥጉ ሸሸች። ከዚያ ጥግ ስፖኪዮ ውስጥ እንደማትታይ አሳምራ ታውቃለች።

ይህን የተማሩት እናትና ልጅ አብረው ነው። እናቷ ለፈተናው ስትዘጋጅ፣ እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ፣ የዳቦ ቤቱን የዱቄት መኪና ተውሰው ባዶ ሜዳ ላይ አሮጌ ጀሪካኖች ይደረድራሉ። ሚጣ ከኋላ ራቅ ብላ ቆማ «ነይ፣ ነይ፣ ወደ ግራ፣ ቁሚ!» ትላለች። አንድ ቀን የጫማዋ ክር ተፈታና ዛፍ ጥላ ሥር ገብታ ስታስር፣ በዚያው ነፋሱ ደስ ብሏት ተቀመጠች። ብትጠብቅ ብትጠብቅ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ምን ሆንሽ እማዬ? ነይ እንጂ! ሜዳው ባዶ ነው፣ ማንም የለም እኮ!»

«አንቺ አለሽ አይደል እንዴ!» አለች እናቷ ላቧን እየጠረገች። «ከስፖኪዮዬ ከጠፋሽ እቆማለሁ። እስክትታዪኝ እቆማለሁ። በቃ።»

ዛሬም ቆመች።

«ሴትዮ፣ ግቢ እንጂ!» አባቷ ከደጅ ጮኸ። «ሰፊ ነው፤ እንኳን መኪና ሠርግ ያስገባል!»

«አንተ መርፌህን አይተህ ክር አስገባ!»

«ኧረ እኔ ልቁምልሽ» አሉ የፈንድሻ እናት። «መንገዱን እኮ ዘጋነው።»

«ተባረኪ እህቴ። የእኔ መንገድ አሳይ አለች፣ ትመጣለች።»

ሞተሩ ጠፋ። በር ተከፈተ። እናቷ ወርዳ፣ ሳትቸኩል መጥታ፣ ከሚጣ ጎን ግንቡን ተደገፈች። ልብሷ ዳቦ አይሸትም፤ ናፍጣ ነው የሚሸተው።

«እማዬ፣ እኔ ብቀር ትሄጃለሽ?»

እናቷ ወደ መሬት አየች። «ፈጣሪ ውሸት አይወድም። እሄዳለሁ። በአንቺ ዕድሜ ደጅ ቁጭ ብዬ የሚያልፉ መኪኖችን ሳይ ነው ያደግሁት። እሱ ሰምቶኝ አሁን ሰጠኝ። አልመልስለትም።» ወደ ልጇ ዞረችና «ግን በአንድ ስፖኪዮ እንደሚነዳ ሰው ነው የምሄደው» አለች።

«በአንድ ይነዳል እንዴ?»

«ይነዳል። አንገት ይገድላል እንጂ።»

ሚጣ ሳትወድ ሳቀች። ሳቁ ግን መሀል ላይ እንባ ሆነባት። እናቷ በመዳፏ ጉንጯን ጠረገችላት፤ መዳፏ ከመሪው ጋር ሲታገል ሻክሯል።

«ብትቀሪም ብትመጪም ምርቃቴ ያው ነው፤ ለሁለት አልከፍለውም። እሺ?» ብላ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ወጣች። ሞተሩን አላስነሳችም።

ሚጣ ሰማያዊውን ጭረት ደግማ ነካችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ደጃፉ ሄደች። ሻንጣዋን አነሳችና ከተከመረው ጓዝ አናት፣ በብርድ ልብስ ከተጠቀለለው የአባቷ የስፌት መኪና ላይ አኖረችው። አባቷ አየ። እሱ፣ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣው ሰውዬ፣ ሻንጣው እንዳይወድቅ ወደ መሀል ገፋ ብቻ አደረገው።

ፈንድሻ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አልጋውን ለድመቷ ነው የምሰጣት፣ ስሚ!»

«ትሸናብሻለቻ።»

«ትሽና! ካንቺ ትሻላለች» ብላ ሳቋ ፈነዳ፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ሚጣ እጇን ይዛ ወደ ቅያሱ መሀል ሳበቻት። ሁለቱ ከመኪናው ራቅ ብለው ጎን ለጎን ቆሙ። ስፖኪዮው ውስጥ ሁለት ዓይኖች ይፈልጓታል፤ ሲያገኟት ጠበብ አሉ፣ እናቷ ስትስቅ እንደሚያደርጉት። ሞተሩ ተነሳ።

ሚጣ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«ነይ እማዬ» አለች። «ነይ… ነይ… አለሁ።»